የበሶው ዕጣ

ሦስት ዕጣ በአንድ ጊዜ አፌ ውስጥ የከተትኩት በስምንት ዓመቴ ነው። በዚህ የተነሳ ሐረር፣ ፈላና በር አካባቢ ስሜ እስከ ዛሬ ብቻውን አይጠራም። አዲስ ሰው መጥቶ "ያ ልብስ ሰፊ ማን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ "ኒቆዲሞስ ነዋ፤ ዕጣ የበላው" ይሉታል። አንዳንዶች ዝምተኛ የሆንኩት ከዚያ ቀን ወዲህ እንደሆነ ያወራሉ። ልክ አይደሉም። ከዚያ በፊትም ዝምተኛ ነበርኩ። እንዲያውም በጊዜው አፌን ከፍቼ አንድ ነገር ብናገር ኖሮ በወረቀት መሙላት ባላስፈለገኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በድሬዳዋ ጎርፍ ነው። ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት፣ ጎረቤቶቻችን በር ላይ አንዲት ሬዲዮ ከበው ቆመው አገኘኋቸው። "ደረቁ ወንዝ ሌሊቱን ሞልቶ ቤት ውስጥ ገባ" ሲሉ ሰማሁ። እኔ ቀናሁ። ያኔ ሐረር ውኃ ጠፍቶ ነበር። ቧንቧችን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቢያንጠባጥብ ነው፤ እኔና እናቴ ጄሪካን ይዘን ሰልፍ ላይ እንውላለን። የድሬዳዋ ሰዎች ግን ሳይሰለፉ ውኃው ራሱ ቤታቸው ድረስ መጣላቸው!

"እማዬ፣ ወደ እኛስ መቼ ነው የሚመጣው?" አልኩ ጮክ ብዬ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ወደ ቤት ገባች። ሳቋ የመጣባት መሰለኝ።

ሳቅ አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ ፍፁም ድሬዳዋ ዳቦ ቤት ይሠራ ነበር፤ የሚኖረውም ወንዙ ዳር፣ አንድ የሙስሊም ቤተሰብ ግቢ ውስጥ በተከራያት ክፍል ነበር። እኔ የማውቀው ሐረር በመጣ ቁጥር በፌስታል ብስኩት የሚያመጣልኝን ፍፁምን ነው። ከወንዙ ጋር ጎረቤት መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ዕድራችን ተሰበሰበ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ገብረመድኅን መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቡናማ ባርኔጣ ነበራቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አያወልቁትም፤ አብሯቸው የተወለደ ይመስለኝ ነበር። የዕድሩን ድስቶች የሚጠብቁት ደግሞ እትዬ ሥርጉት ነበሩ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያስራሉ።

"ለተጎዱት እህል እናዋጣ" ሲባል፣ "ምድጃው በጎርፍ የሄደበት ሰው ስንዴ ቢሰጡት ምን ያደርገዋል? በሶ ይሁን፤ በውኃ በጥብጦ ይጠጣዋል" ያሉት እትዬ ሥርጉት ናቸው። ከየቤቱ ገብስ መጣ። እኛ ግቢ በዕድሩ ትልቁ ብረት ድስት ተቆላ፤ ወፍጮ ቤት ሄዶ አራት ጆንያ በሶ ሆኖ ተመለሰ።

ያ ዓመት ፍልሰታን ለመጀመሪያ ጊዜ የጾምኩበት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም ብዬ ለመላው ሠፈር አውጄ ነበር። ገብሱ ሲቆላ ሽታው በአፍንጫዬ ገብቶ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ይላል። እናቴ እያማሰለች ዓይኗ ይቀላል፣ እንባዋ ይወርዳል። "ጭሱ ነው" ትለኛለች። አምናታለሁ። ጭሱ ግን ወደ እትዬ ሥርጉት በኩል ነበር የሚሄደው።

ጠቡ የተነሳው በሶው ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ለማን ይሰጥ?

"ለቀበሌ እናስረክብ" አሉ አቶ ገብረመድኅን። "ቀበሌ ትምህርት ቤት ውስጥ ለተጠለሉት ያደርሳል። መዝገብ አለው፣ ሥርዓት አለው።"

"የፍልሰታ በሶ ለቀበሌ?" አሉ እትዬ ሥርጉት። "ደብራችን እህል እየሰበሰበ አይደል? ድሬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የተኛው ሕዝብ የማን ነው?"

እናቴ በስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም። የዚያን ቀን ግን ከበሩ አጠገብ ሆና፣ "የአዴ ኸዲጃ አፎቻስ?" አለች።

አፎቻ የጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉ ሴቶች ዕድር ማለት ነው። አዴ ኸዲጃ ከበሩ ወደ ውስጥ ሦስተኛው ቤት የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ፤ እሳቸውም ከሴቶቹ ጋር እህልና ልብስ ይሰበስቡ ነበር።

"እነሱ ወንዙ ዳር ባለው ሠፈር ቤት ለቤት ነው የሚያድሉት" አለች እናቴ፣ መሬት መሬት እያየች።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ።

በዕድራችን አንድ ሕግ ነበር፤ የዕድሩ ንብረት ያለ አስረካቢ ከሠፈር አይወጣም። አንድ ጊዜ ድንኳናችን ባቢሌ ለሠርግ ሄዶ ግማሹ ብቻ ስለተመለሰ የወጣ ሕግ ነው። ዕቃ በወጣ ቁጥር አንድ አባል፣ አንድ ብቻ፣ አብሮ ሄዶ በእጁ ያስረክባል። በዚህኛው ደግሞ ሐሳቡ ያሸነፈው ሰው ከበሶው ጋር ይሂድ ተባለ።

እኔ ይህን ስሰማ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ከሐረር እስከ ድሬዳዋ ከአራት ጆንያ በሶ ጋር ብቻውን የሚሄድ ሰው ምን ያደርጋል? ይበላል! እኔ ብሆን ደንገጎ ቁልቁለት ሳልደርስ አንዱን ጆንያ አጋምሰው ነበር። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሁለት ቀን ሙሉ የተጨቃጨቁት በሶ አምሯቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። በተለይ እትዬ ሥርጉት። ከሰኞ ጀምሮ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም እህል እንደማይቀምሱ ሴቶቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። በባዶ ሆድ ለበሶው ቦታ እያዘጋጁ ነው አልኩ።

እኔም የራሴ ሐሳብ ነበረኝ። የአዴ ኸዲጃ የልጅ ልጅ ሳዳ እኩያዬ ናት። በዚያ ሳምንት በየቀኑ በራችን ላይ ትቀመጥና አንድ ነገር ትበላለች።

"ዘጠኝ ሰዓት ስንት ቀረው?" ትለኛለች ብስኩቷን እያላመጠች።

"ሂጂ ወደዚያ።"

"የእኛ ጾም ገና ነው። አቦ፣ በሶው እኛ ቤት ቢመጣ እኮ ከጆንያው ሥር በጣት እንቆፍር ነበር። እኛ ቤት ማንም ሰዓት አይቆጥርብህም።"

በዚህ ምክንያት እኔም የእናቴ ወገን ሆንኩ።

ረቡዕ ማታ ስምምነት ሲጠፋ፣ "ዕጣ ይውጣ፤ ኃጢአት የማያውቅ ልጅ ያውጣው" ተባለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ከፍቼ "ኃጢአት አውቃለሁ" ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ለቅዳሴ ስንወጣ አቶ ገብረመድኅን ክንዴን ይዘው ወደ ግንቡ ጥግ ወሰዱኝ። ሁለት ከረሜላ መዳፌ ውስጥ አደረጉ።

"ለዘጠኝ ሰዓት ነው። ስማ፣ የእኔ ወረቀት ክር አለበት። በመኪና ሰፍቼዋለሁ። በጣትህ ስትዳስሰው ታገኘዋለህ። ገባህ?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"በል፣ በሥላሴ በል።"

"በሥላሴ።"

ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ላይ ደግሞ እትዬ ሥርጉት አገኙኝ። ነጠላቸውን በላዬ ዘርግተው፣ ሰው የሚባርኩ መስለው፣ በጆሮዬ "የእኔዋ ጧፍ የተቀባች ናት፣ ታዳልጥሃለች" አሉኝና ሦስት ከረሜላ ኪሴ ውስጥ ጨመሩ። "በኪዳነ ምሕረት በል።"

"በኪዳነ ምሕረት።"

እናቴ ምንም አልሰጠችኝም። አንገትጌዬን አስተካክላ "እጅህ የወደደውን አውጣ" አለችኝ ብቻ። በእናቴ ኮራሁ፤ ከረሜላ ባለመስጠቷ ግን ትንሽ አዘንኩባት።

ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁሉም እህል ሳይቀምስ ዕድር ቤት ተሰበሰበ። ጆንያዎቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ሦስቱ የየራሳቸውን ወረቀት አጥፈው አቶ ገብረመድኅን ባርኔጣ ውስጥ ጣሉ። አቶ ገብረመድኅንን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለ ባርኔጣ ሳያቸው ደነገጥኩ፤ መላጣቸው ያበራ ነበር።

እጄን ከተትኩ። መጀመሪያ ክሩን አገኘሁት፤ ልክ እንደ ሱሪ ጠርዝ። ለቅቄ ሌላውን ስይዝ አዳለጠኝ፤ ጧፏ። ሦስተኛው ተራ ወረቀት ነበር፤ ትንሽ ይጣበቃል። ክሩን ባወጣ ኪዳነ ምሕረትን ከዳሁ። ጧፏን ባወጣ ሥላሴን ከዳሁ። የእናቴን ባወጣ ሁለቱንም ከድቼ ለሆዴ አደርኩ። ጆንያዎቹ ያዩኛል። ሰው ሁሉ ያየኛል።

"አውጣ እንጂ ልጄ" አለ አንድ ሰው።

ሦስቱንም በጭብጤ አፍኜ አወጣሁና አፌ ውስጥ ጨመርኳቸው።

"ዋ! ምን አደረገ?"

"በላው! ዕጣውን በላው!"

"ጾሙን ገደፈ!" ብለው ጮኹ አንዲት አሮጊት።

"ወረቀት እኮ የፍስክ አይደለም" አለ ከኋላ አንድ ወንድ። "ከእንጨት ነው የሚሠራው።"

"ሰዓቱስ? ገና ዘጠኝ አልሆነ!"

እናቴ መጥታ አገጬን ይዛ አፌን ፈለቀቀች። እትዬ ሥርጉት ሁለት ጣታቸውን ከተው ጎርጉረው አንዱን ወረቀት ከትናጋዬ ላይ ላጡት። ሌላውን እኔው ባርኔጣው ውስጥ ከነምራቁ ተፋሁት። ሦስተኛውን ውጬዋለሁ።

አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ወረቀቶች ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡ። መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን አገላበጡ።

"ይቺ 'ቤተ ክርስቲያን' ትላለች። ጧፍ ተቀብታለች።" ሁለተኛዋን በጣታቸው ዳሰሱ። "ይቺ ደግሞ 'ቀበሌ' ትላለች። አቶ ገብረመድኅን፣ ዕጣ ይሰፋል እንዴ?"

መጀመሪያ የሳቀው ከኋላ ያለው ሰው ነው። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። "ዘምዝመውታል እኮ! ዘምዝመውታል!" ይላል አንዱ። "ቁልፍና ቁልፍ ማስገቢያ ነው የቀረው!" ይላል ሌላው። እኔም ፈርቼ ሳቅኩ። ከረሜላዎቹን እንዳይነጥቁኝ ኪሴን በእጄ ይዤአለሁ።

ሳቁ ሲበርድ ግን የማይስቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አቶ ገብረመድኅን በባዶ ራሳቸው ቆመው ግድግዳውን ያያሉ።

"ወንድሜ ደረጀ" አሉ በመጨረሻ። "ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። አምስት ቀን ሆነው፤ ስልኩ አይነሳም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይኖር ይሆን ብዬ…"

"ልጄ ቤዚ" አሉ እትዬ ሥርጉት፣ የአንገታቸውን ቁልፍ ጨብጠው። "ለትምህርት ሄዳ ነው የቀረችው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ናት፤ ብትተርፍ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው የምትሮጠው።"

እናቴ "ፍፁም" ብቻ አለች።

እኔ በዚያን ጊዜ የገባኝ፣ በሶውን እነፍፁም ይበሉት ማለታቸው ነው። ሦስቱ ይህን እስከዚያ ለምን እንደደበቁ የገባኝ በኋላ ነው፤ ዕድር ምን እንደሆነ ሳውቅ። የዕድር ሥራ ቀብር ነው። ዕድር ፊት ቆሞ "ሰው ጠፋብኝ" ማለት ድንኳኑን አውጡ እንደማለት ነው። ሦስቱም በሕይወት ያለ ሰው ላይ እንዳያሟርቱ ፈርተው፣ ወደ ድሬ የሚያልፈው የእርዳታ መኪና ብቻ ነው ስለተባለ፣ በአራት ጆንያ በሶ ላይ ተንጠልጥለው ሊሄዱ ፈልገው ነበር። በሶው የት ይሂድ ሲሉ፣ እኔ የት ልሂድ ማለታቸው ነበር።

በዚህ መሃል በሩ ላይ ዑስማን ብቅ አለ። የአዴ ኸዲጃ ልጅ ነው፤ አሮጌ አይሱዙ ነበረው።

"ያ ጀማዓ፣ ትጭናላችሁ ወይስ ልሂድ? የደብሩን ስንዴ ጭኛለሁ፣ የቀበሌውን ዱቄት ጭኛለሁ፣ የእናቴ ልብስና ሩዝ ብቻ ነው የቀረኝ።"

"የሦስቱንም አንተ ነህ የምትጭነው?" አሉት ሽማግሌው።

"ታዲያ ማን ሊጭን? በዚህ በኩል መኪናውን የሰጠ እኔ ብቻ ነኝ። ሦስቱም ጋ አራግፋለሁ።" ፊታችንን አየና ግራ ገባው። "ምነው? ማን ሞተ?"

"አፍህን በውኃ አጥበው!" ብለው አዴ ኸዲጃ ከኋላው ገፉት። ለካ ከበሩ ውጭ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ገብተው እናቴን አቀፏት። "ሙሉዬ፣ ፍፁም ጠፍቶ ሦስተኛ ቤት ሆነሽ ትደብቂኛለሽ? ተነሺ! ሦስታችሁም ተነሱ። አላህ ያውቃል፣ እንፈልጋቸዋለን።"

"ሕጉ አንድ አስረካቢ ነው የሚለው" አለ አንድ ሰው ቀስ ብሎ።

"ሕጉን ለብሰህ ተኛ" አሉት ሽማግሌው።

ሦስቱም ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሄዱ። እኔ ከሳዳ ጋር ቆሜ አይሱዙው እስኪጠፋ አየሁ። ደንገጎ ሲደርሱ በሶው ያልቃል ስላት፣ "ሦስት ሰው ከሆነማ ሐረማያም አይደርስ" አለችኝ።

ቅዳሜ ተመለሱ። መጀመሪያ የወረደው ፍፁም ነው፤ የሰው ሽርጥ አገልድሞ፣ እግሩ በጨርቅ ታስሮ። ሽርጥ የለበሰ ፍፁም በጣም አሳቀኝ፤ ብስኩት አለመያዙ ደግሞ አናደደኝ። አከራዮቹ ጣሪያ ላይ ጎትተው አውጥተውት ኖሮ፣ የአዴ ኸዲጃ ሴቶች ቤት ለቤት ሲዞሩ ነው የተገኘው። ቤዚም ወረደች፤ እናቷ እጇን እስከ ቤታቸው ድረስ አልለቀቁም። አቶ ገብረመድኅን የወረዱት በመጨረሻ ነው። ብቻቸውን ነበሩ። ባርኔጣው ብብታቸው ሥር ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ባርኔጣውን አድርገው አላየሁም። ምክንያቱን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ፤ ምራቄ ነው። የሰው ባርኔጣ ውስጥ ተፍቼ፣ ያውም የዕድር ዳኛ! በሠፈሩ መንገድ ሳያቸው ዞሬ እሄድ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁሜ ሥራ ስፈልግ፣ እሳቸው ራሳቸው እናቴን "ዕጣ የበላውን ልጅ ላኪልኝ፤ ስፌት ላስተምረው" ሲሏት፣ ሊበቀሉኝ ነው ብዬ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። እነሆ አሥራ ሦስት ዓመት አንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን እንሰፋለን።

ስለ ሦስተኛው ወረቀት እናቴን የጠየቅኳት በቅርቡ ነው። በልጅነቴ ከሁሉም የታመነችው እሷ ናት ብዬ ስመካባት ኖሬ፣ አንድ ቀን ሻይ ስቀዳ ትዝ አለኝ። የዋጥኩት ወረቀት ይጣፍጥ ነበር።

"እማዬ፣ ያቺ ዕጣሽ ማር ነበረባት?"

"ማር ከየት አመጣለሁ!" አለች ቀና ሳትል። "ስኳር ነው። በጥብጬ ነከርኳት። አንተ መቼም ጣፋጭ ከነካህ አትለቅም ብዬ ነበር።" ከዚያ ሳቋ አመለጣት። "ምን ላድርግ፣ በጣም አውቄሃለሁ፤ እንደምትበላት ግን አላወቅኩም።"

ባለፈው ክረምት ደግሞ ሌላ ቆላ አገር ጎርፍ ገባ። ዕድሩ እንደገና በሶ አስፈጨ፤ እንደገና ለማን ይሰጥ ተባለ፤ እንደገና ሰዎች ተኮራረፉ። "ዕጣ ይውጣ" ሲባል ሁሉም እኔን አይተው ሳቁ። በማግስቱ ወደ ስብሰባው ልንሄድ ሱቁን ስንዘጋ፣ አቶ ገብረመድኅን ከስፌት መኪናቸው ሥር ያለውን መሳቢያ ከፈቱ። በፌስታል የተጠቀለለ ቡናማ ባርኔጣ አወጡ። ታጥቦ፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ ጨርቅ ተጠቅጥቆበታል።

አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም አልኩ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ለምኑ?"

"ለምራቁ።"

"የምን ምራቅ?"

ነገርኳቸው። መቀመጫቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

"አንተ ልጅ፣ ይህን ያመጣልኝ ደረጀ ነው። ከድሬ፣ ለፋሲካ። ከዚያ ያለ እሱ ስመለስ ራሴ ላይ ከበደኝ። ሌላ ምንም አይደለም።" ባርኔጣውን አዙረው አራገፉት። "በምራቅህ ተቀይሜህ አሥራ ሦስት ዓመት አብሬህ ምሳ እበላለሁ?"

"አልጠየቅኩም።"

"አትጠይቅማ። አንተ ትበላለህ እንጂ አትጠይቅም።"

ዕድር ቤት ስንደርስ ወረቀትና እስክሪብቶ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። አቶ ገብረመድኅን ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አፉን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡት። ከዚያ እጃቸውን ወረቀቶቹ ላይ ጫኑ።

"ከመጻፋችሁ በፊት" አሉ። "እዚያ ሰው ያለው ማን ነው? ሟርት አይሆንም፤ እኔ አለሁላችሁ። ተናገሩ።"

ጥግ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንዲት ሴት ቀስ ብላ እጇን አወጣች። ከዚያ ከኋላ አንድ ወጣት። ከዚያ ሌላ።

አቶ ገብረመድኅን ባዶውን ባርኔጣ አንስተው ራሳቸው ላይ ደፉት።